የቪዲዮው መቀስ የማሳውን ትምህርት እንዳይቆርጥ

በአዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ለቡ መብራት ኃይል ባሉ ሠፈሮች የሚሠሩ የቪዲዮ ባለሙያዎች ዋና ሥራቸው ሠርግና ልደት ነው። የገበሬ ማኅበራት በስልክ የቀረጹትን የማሳ ትምህርት ለማቀናበር ወይም የቆየ ካሴት ወደ ፋይል ለማስገልበጥ ሲፈልጉ የሚሄዱት እንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ ዘንድ ነው። ሆኖም ባለሙያው ምስል እንጂ እርሻ ስለማያውቅ፣ የማኅበር መሪዎች ሥራውን ጥለውለት ሊሄዱ አይገባም።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ የተጀመረው የዲጂታል ግሪን አሠራር በአገራችንም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር ተሠርቶበታል። የአካባቢው ገበሬ ራሱ የሚታይበት አጭር ቪዲዮ ይዘጋጃል፤ የልማት ሠራተኛውም በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለገበሬዎች ቡድን እያሳየና በየመሃሉ እያቆመ ያወያያል።

ችግሩ የሚመጣው በቅንብር ላይ ነው። ጤፍ በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈጃል። በመስመር ሲዘራ ግን የሚመከረው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሲሆን፣ በመስመሮች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። አቀናባሪው ቪዲዮው ረዘመ ብሎ ዘሩ ሲመዘንና ርቀቱ ሲለካ የሚያሳየውን ክፍል ቢያወጣው፣ ተመልካቹ በሐምሌ እንደመሰለው ይዘራል። ስሕተቱ የሚታወቀው ቡቃያው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ዘሩም ወቅቱም አልፏል።

በመሆኑም መሪዎች ሦስት ነገሮችን ሊያስቡ ይገባል።

አንደኛ፣ ዋናው ቅጂ ከማኅበሩ እጅ አይውጣ፤ ለባለሙያው ግልባጭ ይሰጠው። ቪዲዮ ደጋግሞ በተለወጠ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ሌላ ዓይነት ፋይል ሲያስፈልግ ምንጊዜም ከዋናው ይገልበጥ። በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከም ተጨምቆ ስለሚደርስ ዋና ቅጂ ተብሎ አይያዝ።

ሁለተኛ፣ የልማት ሠራተኛው ከአቀናባሪው አጠገብ ይቀመጥ። የማይቆረጡት ክፍሎች በደቂቃና በሴኮንድ ተጽፈው ይሰጡ። ሙዚቃም የገበሬውን ንግግር አይሸፍን።

ሦስተኛ፣ ማሳያ መሣሪያው አብሮ ይምጣ። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች የሚቀርጹበትን ኤች.265 የተባለ ዓይነት ብዙዎቹ የቆዩ ማሳያዎች አያነቡትም፤ በኤች.264 የተዘጋጀ ኤምፒ ፎር ፋይል ግን በአብዛኞቹ ላይ ይሠራል። ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት ሥራው በዚያው መሣሪያ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታይ።

የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ያላቸው ማኅበራት ደግሞ መዘግየት የለባቸውም። የካሴቱ ክር በጊዜ ብዛት ይበላሻል። ማጫወቻውን ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል። ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጸዳ ማጫወቻ ውስጥ ቢገባ ክሩም መሣሪያውም ሊጎዳ ይችላል።

ዘር ሳይበጠር ማሳ እንደማይገባ ሁሉ፣ ቪዲዮም ሳይመረመር ገበሬው ፊት አይቅረብ። የመኸሩን ትምህርት የያዘው ቪዲዮ ከሰኔ በፊት ተጠናቆ መሪዎች እጅ ሊገባ ይገባል።