ዘይት እያለው ዘይት ያጣ ሞተር፦ ከእንጦጦ ቁልቁለት እስከ እሽቅድምድም ሜዳ



ያደግሁት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። የአጎቴ ላዳ ታክሲ የመላው ቤተሰባችን እንጀራ ነበረች። አንድ ሰሞን ከእንጦጦ ሲወርዱ፣ ፍሬን ይዘው ወደ ኩርባ በገቡ ቁጥር ቀዩዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትል ጀመር፤ መንገዱ ሲቃና ትጠፋለች። አንድ ጥገና ቤት «የሽቦ ችግር ነው» ብሎ አምፖሏን ነቀላት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ታክሲዋም ቆመች። ሞተሩ ሲፈታ ግን ኮፓው ውስጥ ዘይት ነበረ። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ዘይት ያለው ሞተር እንዴት በዘይት እጦት ይሞታል?

ሜካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉት የሞተሩ ዋና ዘንግ በብሮንዞች ላይ ይሽከረከራል። በሥራ ላይ ሳለ ዘንጉና ብሮንዙ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ውፍረት ያለው የዘይት ሽፋን አለ። የሰው ጠጉር 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡ። ያ ሽፋን ከሥር ከሥሩ እየፈሰሰ ስለሚያልቅ ፓምፑ ያለማቋረጥ ይተካዋል። ፓምፑ ዘይቱን የሚያገኘው ከኮፓው ግርጌ በተዘረጋች አንዲት መጥለቂያ ቱቦ ነው። የቱቦዋ አፍ ከዘይት ውጭ የሆነች እንደሆነ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አየር ደግሞ ዘንጉን ሊሸከም አይችልም። በሰከንድ ግማሽ ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ብናስብ፣ አራት ሊትር የማይሞላው የሞተሩ ዘይት በስምንት ሰከንድ ውስጥ አንድ ዙር ይጨርሳል። ስለዚህ የሁለት ሰከንድ መቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ውኃ የያዘ ባልዲ ታቅፎ በሚኒባስ የተጓዘ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ውኃው ወደ ፊት ያጋድላል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቁልቁለቱ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ነው። ፍሬን ሳትይዙና ሞተሩ ሳይገታችሁ በነጻ ብትንደረደሩ፣ የዘይቱ ገጽ ከመኪናው ወለል ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያጋድለው መኪናውን ስትገቱት ነው። በአሥር በመቶ ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን ሳትቀንሱ ብቻ ብትይዙት ስድስት ዲግሪ ያህል ያጋድላል። በዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ፍጥነቱን የምድር ስበትን ግማሽ በሚያህል መጠን ብትቀንሱት ወደ 31 ዲግሪ ይደርሳል። ስሌቱን ስትሠሩት አንድ ውብ ውጤት ታገኛላችሁ፤ የዘይቱ ማጋደል በትክክል ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የተጠቀመበትን ጉተታ ያህል ነው። የሞተሩን ዘይት የሚያሸሸው፣ ከሁሉ በፊት፣ ጎማው ነው ማለት ይቻላል።

ይህ በእሽቅድምድም ሜዳ ጎልቶ ይታያል። በ1957 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ቀላል መኪና አወጣ፤ ገዥው ክፍሎቹን ወስዶ በቤቱ ይገጣጥማት ነበር፤ በዚህም የሽያጭ ግብር ይቀርለታል። እንዲህ ባሉት መኪኖች ላይ የሚገጠመው ሞተር ብዙ ጊዜ ለተራ የቤት መኪና የተሠራ ነው። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ኮፓው እንዳይፈገፈግ ያሳጥሩታል፤ ጎማዋን ግን የሚያጣብቅ ያደርጉታል። ጉተታው ከምድር ስበት ጋር ሲተካከል ዘይቱ 45 ዲግሪ ያጋድላል። በረጅም ኩርባ ላይ ይህ ለብዙ ሰከንድ ይዘልቃል፤ ሞተሩም በዚያች ቅጽበት ከፍተኛ ዙር ላይ ነው። የመጣው ሁሉ ተደራርቦ መጣ ማለት ነው።

መፍትሔው ዘይት መጨመር ይመስላል፤ በመጠኑ እውነት ነው፤ ከልክ ካለፈ ግን የሚሽከረከረው ኮሎ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። እኔ የማስቀድመው በኮፓው ውስጥ ግድግዳ መሥራትን ነው። በመጥለቂያው ቱቦ ዙሪያ ትንሽ ክፍል ይከለላል፣ ግድግዳውም ላይ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ መዝጊያዎች ይገጠማሉ፤ ዘይቱ ይገባል እንጂ አይወጣም። በላዩ ላይ ዘይቱን ከኮሎው የሚለይ ቆርቆሮ ይጨመራል። የብየዳ ሙያ ያለው ተማሪ ይህን በአንድ ሳምንት ይሠራዋል። ለረጅም ኩርባ ይህ ካልበቃ፣ በታመቀ አየር የሚገፋ የዘይት ጎተራ ይገጠማል፤ ግፊቱ ሲወድቅ ለጥቂት ሰከንድ ያጠጣል። እውነተኛ የእሽቅድምድም ሞተር ደግሞ ኮፓው ውስጥ ዘይት አያከማችም፤ ተጨማሪ ፓምፖች ዘይቱን እየጠረጉ ወደ ረጅምና ጠባብ ታንክ ይልኩታል። ውድ ነው፤ ለታክሲ አያስፈልግም።

ከፍታችንንም አንርሳ። ፓምፑ ዘይቱን «ይስባል» እንላለን እንጂ ወደ ቱቦዋ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት በአዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከዚያም ያንሳል። በብርዳማ ማለዳ የአሮጌ ሞተር ድምፅ እንዲሸፈን ተብሎ የሚጨመር እጅግ ወፍራም ዘይት ይህን ትርፍ የበለጠ ያጠበዋል።

መብራቷንም በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ የምትበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ገደማ ሲወርድ ነው። በከፍተኛ ዙር ሞተሩ ሦስትና አራት ባር ይፈልጋል። ስለዚህ በኩርባ ላይ ብልጭ ስትል አደጋው ቀደም ብሎ ጀምሯል፤ በመርፌ የሚያሳይ የግፊት መለኪያ ቢኖር ውድቀቱን ከመጀመሪያው ያሳያል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ዘይቱን በየማለዳው ይለኩ ነበር፤ ሰነፍ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን የሚለኩት በግቢያችን ነው፤ ግቢያችን ደግሞ እንደ አብዛኛው የሽሮ ሜዳ ግቢ ተዳፋት ነው። ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ በኩል ተጠራቅሞ ሙሉ ይመስላል። በፈታነው ቀን ያወጣነውን ብንለካው አንድ ሊትር ያህል ጎድሎ ተገኘ። ሁለተኛው ብሮንዝ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ነበር። ኮሎውን አስጠርበን፣ ብሮንዞቹን ለውጠን፣ አምፖሏን መልሰን ገጠምናት። አጎቴም ከዚያ ወዲህ ታክሲዋን ማለዳ አስነሥተው ወደ ሜዳው አስፋልት ካወረዱ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ጠብቀው ይለኩ ነበር።