የተበላሸው ራውተሩ ነው ወይስ ሌላ? አዲስ ከመግዛታችን በፊት

እዚህ ካኩማ ኢንተርኔት የቅንጦት ነገር መሆኑ ቀርቷል። ልጆቻችን የሚያጠኑት፣ አገር ቤት ካለ ዘመድ ጋር የምንነጋገረው፣ አንዳንዱም ስለ ጉዳዩ መልእክት የሚጠብቀው በዚሁ ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ይገዛሉ። ታዲያ መስመሩ በጠፋ ቁጥር «ራውተሩ ሞቷል፣ ሌላ እንግዛ» ይባላል። ገንዘቡ ግን ከዘይትና ከልጅ ጫማ ላይ ተቀንሶ የሚወጣ ነው። እኛ መምህራን በዚህ ጉዳይ ጥቂት ልንል የወደድነው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልካችን ያለው መንገድ ነው። ኢንተርኔቱ ግን ከኩባንያው ማማ በሲሙ በኩል ይመጣል። ቧንቧው ደህና ሆኖ ታንከሩ ባዶ ከሆነ ውሃ እንደማይወርድ ሁሉ፣ ዋይፋይ እያሳየ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ መስመር ሲጠፋ በተራ እንመርምር።

አንደኛ፣ የጠፋው በአንድ ስልክ ነው ወይስ በሁሉም? በአንዱ ብቻ ከሆነ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ የይለፍ ቃሉንም እንደገና ማስገባት ነው።

ሁለተኛ፣ ራውተሩን ነቅለን ግማሽ ደቂቃ እንቆይና እንሰካው። መብራቶቹ እስኪረጉ 2 ወይም 3 ደቂቃ እንታገሥ። ሪሴት የምትባለዋን ትንሽ ቀዳዳ ግን በሽቦ አትጫኑ፤ የተስተካከለውን ሁሉ ታጠፋለች።

ሦስተኛ፣ ሲሙን አውጥተን ስልክ ውስጥ እንክተተው። ስልኩም ላይ እንቢ ካለ ወይ ባንድሉ አልቋል፣ ወይ ማማው ችግር አለበት። የሳፋሪኮም ሲም ከሆነ ቀሪውን በ*544# ማየት ይቻላል። ስልኩ ላይ እየሠራ ራውተሩ ላይ ካልሠራ፣ ያኔ ራውተሩን እንጠርጥር።

አራተኛ፣ ቦታውን እንይ። ቆርቆሮ ሞገድ ይከለክላል፤ ስለዚህ ራውተሩ መስኮት አጠገብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሙቀትም አለ። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ ሙቀት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ደግሞ በእኛ አገር ፀሐይ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ቀን 8 ሰዓት ላይ እየጠፋ ሌሊት ደህና የሚሠራ ከሆነ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ነፋስ የሚያገኝበት ጥላ ፈልጉለት፣ ጨርቅም አታልብሱት። ማታ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማማውን ስለሚጠቀም ሊሆን ይችላል፤ ይህን አዲስ ራውተር አያድነውም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መግዛት የግድ ከሆነስ? የሲም ማስገቢያ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ። በገበያ ላይ ርካሽ ሆነው የሚገኙ ብዙ ራውተሮች የሲም ቦታ የላቸውም፤ በኬብል የሚመጣ ኢንተርኔት ከሌለ ለእኛ ጥቅም አይሰጡም። አንዳንዱም ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ሲም ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ከኢስሊ የሚያስመጣ ሰውም ይህንኑ ለሚገዛለት ሰው ይንገረው፤ ከዚህ መልሶ መላኩ ሌላ ወጪ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲልክላችሁም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚያ ያሉ ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸው የ4ጂ ሞገዶች በአብዛኛው ከኬንያዎቹ ይለያሉ። አዳፕተሩም ላይ «120 ቮልት» ብቻ ከተጻፈ የኬንያ 240 ቮልት ያቃጥለዋል። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ግን አያሰጋም። የ12 ቮልት ራውተር የ12 ቮልት አዳፕተር ነው የሚፈልገው፤ መሰኪያው ስለገባ ብቻ የሌላውን አትሰኩበት። የጄኔሬተር መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት የራሱ ባትሪ ያለው ይሻላል።

ከተገዛም በኋላ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሩት። ቁጥሩን መንገደኛ ሁሉ ካወቀው ባንድሉ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ጎረቤትም ከጎረቤት ይቀያየማል። ያዋጣው ሁሉ ይወቀው፣ ሰው ሲወጣ ወይም ሲገባ ይቀየር።

በመጨረሻም አንድ ምክር፦ ሻጩ «ሲም አስገብቶ መሞከር አይቻልም» ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። በቸር ይግጠመን።