በበረዶ ላይ 460 ፈረስ ምን ይሠራል?

ከፍሪዘሩ አንድ ፍሬ በረዶ አውጡና ወዲያው በደረቅ ጣት ጫን አድርጉት። ጣታችሁን ይዞ ይቀራል እንጂ አያንሸራትትም። ሳህን ላይ ተዉትና ቡናው ሲፈላ ተመልሳችሁ ሞክሩት፤ አሁን ከጣታችሁ ሥር እያመለጠ ሳህኑን ይዞረዋል።

ልዩነቱ ስስ የውሃ ሽፋን ነው። በረዶ ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ቁጥር ላዩ ይረጥባል፤ የሚነካው ነገር ሁሉ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ዴንቨርና አውሮራ የምትኖሩ ሰዎች አጥንት ከሚሰብረው ብርድ ይልቅ በረዶው ሟሟ በሚልበት ሰዓት መንገዱ ሲብስባችሁ የምታዩት ለዚህ ነው።

አሁን ይህንኑ በረዶ መንገድ ላይ እናንጥፈው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ 70 አውራ ጎዳና ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻን 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ወደ ዋሻው የሚወስደው ዳገት አንዳንድ ቦታ ላይ 7 በመቶ ይደርሳል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ወደ ላይ ማለት ነው።

እዚህ ዳገት ላይ የ2018 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ እናቁም። ሞተሩ 460 የፈረስ ጉልበት አለው፤ መኪናውን የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ብዕር አንሡና ቁጥሩን አብረን እንሥራው።

መኪናው ከነሾፌሩ 1,750 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 800 ኪሎ ያህሉ የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። የተጠቀጠቀ በረዶ ጎማ ከተሸከመው ክብደት አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ እንዲገፋ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ 160 ኪሎ የሚያህል ግፊት አለን። ዳገቱ ደግሞ መኪናውን ወደ ኋላ የሚስበው በክብደቱ 7 በመቶ ነው፤ 122 ኪሎ ያህል። በጭንቅም ቢሆን እንወጣለን።

በረዶው ወደ ጠጣር መስታወትነት ከተለወጠስ? ያን ጊዜ የሚፈቀደው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 80 ኪሎ ይዘን 122 ኪሎ ልናሸንፍ አንችልም። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ መኪናው ይቆማል።

የጻፋችሁትን መልሳችሁ እዩት። 460 ፈረስ የትም ቦታ አልገባም! ሞተሩ የሚችለውን ያህል ያቅርብ እንጂ ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚወስነው ጎማውና መሬቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እንዲያውም ነዳጅ ረገጥ ባደረጋችሁ ቁጥር የሚሽከረከረው ጎማ በረዶውን እያሞቀና እያለሰለሰ ይበልጥ ያሟልጨዋል። የበጋ ጎማ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ስለሚሄድ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል።

ጎማ ላይ የሚታሰረው የበረዶ ሰንሰለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራውም ክብደት በመጨመር አይደለም፤ ያለውን ክብደት ትንሽ ቦታ ላይ ሰብስቦ በማሳረፍ ነው።

አንድ ጎማ 400 ኪሎ ያህል ተሸክሞ መሬት የሚነካው መዳፍ ከነጣቶቹ በሚያህል ስፋት ነው። ሰንሰለት ሲለብስ ያ ሁሉ ክብደት በጥቂት የብረት ቀለበቶች ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሣር ላይ በተደገሰ ሰርግ ባለ ቀጭን ታኮዋ ሴት መሬቱን እየወጋች ስትሄድ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉት እናቷ ላዩን ብቻ ረግጠው ያልፋሉ። ቀለበቱም እንደ ታኮው የውሃውን ሽፋን ሰንጥቆ በረዶው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ መኪናው ለመንሸራተት በረዶውን መስበር ይኖርበታል።

ሰንሰለቱ ጎማው ላይ የሚይዘው ቅርጽ፣ መሰላል ወይስ መረብ የሚለው ግን፣ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ሁለት ጠርሙስ፣ ሲባጎና ፕላስተር አምጡ፤ ትሪ ላይም ዱቄት ነስንሱ። በአንዱ ጠርሙስ ላይ የሲባጎ ቁርጥራጮችን ከአንገቱ ወደ መቀመጫው እያጋደማችሁ በየተራ ለጥፉ፤ ይህ የመሰላል ቅርጽ ነው። በሌላው ላይ ሲባጎውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አጣምራችሁ ጠምጥሙት፤ መረብ ይሆናል።

ሁለቱንም ዱቄቱ ላይ አንከባልሉ። መሰላሉ ደረጃ የመሰለ ምልክት ይተዋል። አሁን ሳታንከባልሉ ወደ ጎን፣ በአንገቱ አቅጣጫ ግፉት። ባለ መሰላሉ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ መረቡ ግን ዱቄቱን ይዞ ይታገላል። ከኋላ በምትገፋ መኪና ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጭራዋ ወደ ገደሉ የሚሄደው ወደ ጎን ነውና። እኔ ብመርጥ ያለጥርጥር መረቡን ነው።

ሌላም ብልሃት አለ። ሰንሰለቱ ከቸርኬው ጋር አይታሰርም። እየሄዳችሁ ሳለ ጎማው ላይ ቀስ በቀስ ቦታውን ይለውጣል። በዚህም የተጠቀጠቀውን በረዶ ያራግፋል፣ አንድ ቦታ ብቻ ጎማውን እየፈተገ እንዳይበላውም ያደርጋል። ልል ሆኖ ግን መወናጨፍ የለበትም፤ ለዚህ ነው ትንሽ ከተሄደ በኋላ ቆም ተብሎ እንደገና የሚወጠረው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ሰዎች ጭቃና በረዶ ሲይዛቸው ጎማ ላይ ይጠመጥሙት የነበረው ገመድ ነው። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ካናስቶታ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረው ሃሪ ዊድ ገመዱን በብረት ተክቶ በ1904 የፈጠራ መብት አገኘበት።

አሁን ጃኬታችሁን ደርቡና ወደ መኪናችሁ ውጡ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ እጃችሁን በጎማው የውስጥ ጎንና በሾክ አብዞርበሩ መካከል አስገቡ። ከዚያም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል። በፈጣን መኪና ላይ ጎማው ሰፊ፣ መኪናውም ዝቅ ያለ ስለሆነ አንዳንዴ ጣት እንኳ በችግር ነው የሚገባው። እዚያ ጥበት ውስጥ ወፍራም ሰንሰለት ሲዞር የፍሬን ቱቦና የሴንሰር ሽቦ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች በሰፊው ጎማ ላይ ሰንሰለት ይከለክላሉ፣ ወይም ጠበብ ያለ ጎማና ስስ ሰንሰለት ብቻ ይፈቅዳሉ። መልሱ የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል።

ቦታው ከጠበበ ጎማው የሚለብሰው የጨርቅ ካልሲ አለ። ጨርቅ በረዶ ይይዛል ሲሏችሁ የማይመስል ከሆነ ያንኑ የረጠበ በረዶ በባዶ ጣት አንሡት፣ ቀጥሎ በጥጥ ፎጣ። ፎጣው አይለቀውም። ካልሲው አስፋልት ሲያገኝ ቶሎ ያልቃል እንጂ ከችግር ለመውጣት ይበቃል።

ሰንሰለት የሚታሰረው መኪናውን በሚገፋው ጎማ ላይ ነው፤ በሙስታንግ ከኋላ። ይህ ማለት መሪ የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ባዶ ናቸው፤ በፍሬን ጊዜም አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ማርሽ ዝቅ አድርጉና ሞተሩ ይያዘው፤ ያን ጊዜ የሚገታው ሰንሰለት የለበሰው የኋላ ጎማ ይሆናል።

ፍጥነት ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሰንሰለቱን ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ጥቁር አስፋልት ስታዩም ፍቱት።

በአይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ድረስ፣ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ በሁለት ጎማ የሚገፋ መኪና ወይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ማድረግ፣ ወይ ሰንሰለት አለዚያም ተተኪውን መያዝ አለበት፤ ሕግ ነው። የእኔ ምክር ሁለቱንም ነው፤ የክረምት ጎማው ሁልጊዜ ይሠራል፣ ሰንሰለቱ ለክፉ ቀን። ሰንሰለቱን ደግሞ ደረቅ ቀን መርጣችሁ፣ ደጃችሁ ላይ፣ ጓንት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ግጠሙትና ፍቱት። ተራራ ላይ፣ በጨለማ፣ መኪና እያለፈባችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ነገር አይደለም።