እምቢ ያለ ብሎን

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎችን ከጎዳናዋ አገደች። በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ግን ሞተር ዛሬም ሰው ያደርሳል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ከሞተሮቹ መካከል ዕድሜ የጠገቡት ጥቂት አይደሉም። ጭቃና ዝናብ ያረጀውን ሞተር የሚፈትኑት ግን መጀመሪያ ፒስተኑን ወይም ማርሹን አይደለም፤ ብሎኑን ነው። ካንዴላ ለመቀየር ወይም ፍሪሲዮን ለማየት የተነሣ ሰው ሥራው ላይ ሳይደርስ አንድ ብሎን ላይ ይቆማል።

ብሎን የሚጣበቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዝገት ነው፦ የዛገ ብረት ከቀድሞው መጠኑ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መሐል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ያጣብቃል። ሁለተኛው የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ መግባቱ ነው። የሞተሩ የጎን ክዳንና ቴስታታ አሉሚኒየም ናቸው፤ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሠራል፤ ያ ዱቄትም ብሎኑን ቀርቅሮ ይይዘዋል። የማርሚታው ዳዶዎች ከሁሉ የባሱ ናቸው፤ በየቀኑ ይግላሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ጭቃ ይረጭባቸዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። በሽቦ ብሩሽ ዙሪያውን ጠርጎ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አጠጥቶ ማሳደር። ብዙዎች የሚያውቁት ደብሊው ዲ-40 እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሲሠራ የታሰበው ውኃን ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነው፤ ለቀላል ዝገት ይበቃል፣ ለከባዱ ግን በተለይ ለዚህ የተሠሩት ዘይቶች ይሻላሉ። የፍሬን ዘይት የሚያፈሱም አሉ፤ ቀለም ስለሚልጥ ግን ለታንከሩ ያስቡለት።

በማግስቱ ልኩ የሆነ ስድስት ጎን መፍቻ ይፈለጋል። አሥራ ሁለት ጎን ወይም አፉ የሚሰፋ መፍቻ ጠርዙን ይበላዋል፤ ጠርዙ ከተበላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይከብዳል። መጀመሪያ በመጠኑ ወደ ማጥበቂያው ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መመለስ፣ እንዲሁ እያፈራረቁ መነቅነቅ ዝገቱን ይሰባብረዋል። በአሮጌ የጃፓን ሞተሮች የጎን ክዳን ላይ ያሉት ባለ መስቀል ቪቴዎች ግን የተለየ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ ነጥብ አለባቸው፤ የተለመደው ካቻቪቴ በውስጣቸው ልክ አይቀመጥም፣ ሲገፋ ይሾልክና መስቀሉን ይበላዋል። ለእነርሱ የሚሆነው ለባለ ነጥቦቹ ተለክቶ የተሠራ ካቻቪቴ ወይም በመዶሻ ሲመታ እየጨቆነ የሚያዞር ካቻቪቴ ነው። የምቱ ኃይል ዝገቱንም ያላላል።

ካልሆነ ሙቀት ይረዳል። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.23 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ ብረቱ ግን 0.12 ያህል ብቻ። ስለዚህ ክዳኑ ሲሞቅ ቀዳዳው ከብሎኑ ይበልጥ ይሰፋል። ነበልባል ከመጠቀም በፊት ታንከሩንና ካርቡራቶሩን አውርዶ ርቆ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ዘይት የጠጣ ቦታም ተጠርጎ መድረቅ አለበት።

ብሎኑ ተሰብሮ ከቀረስ? የሚታይ ጫፍ ካለው ላዩ ላይ ዳዶ አስቀምጦ በብየዳ ማያያዝ ጥሩ መላ ነው፤ የብየዳው ሙቀትም ያግዛል። ከውስጥ የቀረው ግን መሐሉን በትክክል ጠቁሞ በትራፓኖ መብሳት ይጠይቃል። እጅዎ የማያስተማምን ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይውሰዱት፤ የተጣመመ ቀዳዳ ክዳኑን ያስጥላል።

መመለሱም ሙያ አለው። የድሮው ጥርስ ከተበላ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለው አዲስ ብሎን ይግዙ። ጥርሱን ስስ ግሪስ መቀባት በቀጣይ መፍታቱን ያቀላል። ማጥበቅ ላይ ግን መጠን አለ፦ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ብዙውን ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ ይህም በ10 ሴንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ 10 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ሁሉም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል ብለው ደግሞ አይድፈሩ፤ በብዙ የያማሃ ሞተሮች የቀኝ መስታወቱ ጥርስ የተገለበጠ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል።

ሞተር ካላችሁ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት አንድ የዕረፍት ቀን ለብሎኖች ስጡ። ከማርሚታው፣ ከጎን ክዳኖችና ከአክስሉ ጀምሮ ሁሉንም አንድ በአንድ ፈትታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ግሪስ ቀብታችሁ መልሱ። በዝናብ መሐል መንገድ ላይ ከሚቆም ሞተር ይልቅ በደጃፍ የዋለ ሞተር ይሻላል።