አንድ ጠርሙስ ለወንድና ለሴት እኩል አይደለም

አስካሪ መጠጥ ሐራም መሆኑ ለማናችንም አዲስ አይደለም። በዚህ ወር አምዳችን የምንመለከተው ግን መጠጥ በኮሌጅ ተማሪዎች ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና መከላከያውን ነው።

ወደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተመድበው ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከወላጅ ዓይን ሲርቁ የመጀመሪያቸው ነው። ጠላው፣ ቦርዴው፣ አረቄውና ቢራው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ቢከለክልም፣ ሕግ ብቻውን ተማሪውን አይጠብቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መውሰድን ከባድ አጠጣጥ ይለዋል። 5 በመቶ አልኮል ባለው ቢራ ሲሰላ፣ ባለ 330 ሚሊ ሊትር 5 ጠርሙስ ገደማ ይሆናል። ሴት ግን ከዚህ ባነሰም ትጎዳለች። አልኮል የሚሰራጨው በሰውነት ውስጥ ባለው ውኃ ነው፤ የሴት ሰውነት ደግሞ በአማካይ ከወንድ ያነሰ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ክብደታቸው እኩል የሆነ ወንድና ሴት እኩል ቢጠጡ፣ በሴቷ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል።

ለመጠጣት የሚገፋፋቸውም ነገር ይለያያል። ወንዱ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» እንዳይባል ከዙሩ አይወጣም። ሴቷ ደግሞ ኋላ ቀር እንዳትባል ትጠጣለች። ጆሴፍ ላብሪና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኞቹ ሴቶች «ወንዶች እንድንጠጣ የሚፈልጉት ይህን ያህል ነው» ብለው የገመቱት መጠን ወንዶቹ ራሳቸው ከተናገሩት በልጦ ተገኝቷል። እንግዲህ ብዙዎቹ ማንም ያልጠየቃቸውን ለማሟላት ይጠጣሉ ማለት ነው።

ታዲያ ምክሩም ለየብቻ ቢሆን ይበጃል። ነባር ሴት ተማሪዎች አዲስ ገቢ እህቶቻቸውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰብስበው ስለ ሰውነታቸውና እምቢ ስለማለት በግልጽ ያወያዩአቸው። ወንዶቹም በበኩላቸው ጓደኛን በግድ ማጠጣት ወንድነት እንዳልሆነ ይነጋገሩ። የሰከረችን ሴት የሚደፍር ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የእርሱም ሆነ የእርሷ ስካር ሰበብ አይሆነውም።

በመጨረሻም፣ እንደ ዲያዜፓም ያሉ የማስታገሻ መድኃኒቶች ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ጠጥቶ ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠማችሁ በጎኑ አስተኙት፤ ብቻውንም አትተዉት። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አልኮሉን ከደሙ አያወጣውም፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን።