የድሮ ሞተር ሳይክል መመርመሪያ ሳጥን በደብረ ማርቆስ፦ ከፍታ የሚሰማቸው መሣሪያዎች

አዲስ ሞተር ሳይክል ሲታመም ራሱ ይናገራል። መመርመሪያ ኮምፒውተር ይሰካለታል፣ የብልሽቱን ቁጥር ያወጣል፣ መካኒኩ ያነባል። አውሮፓ ይህን ራስን የመመርመር ሥርዓት በአዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግዴታ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ብዙም አልቆየም። ካርቡራተር ያላቸው የድሮዎቹ ግን አይናገሩም። ለምሳሌ ያማሃ ኤጂ 100ን ውሰዱ፤ በ1970ዎቹ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራና በአፍሪካ ገጠሮች ለግብርናና ለጤና ሥራ በብዛት የተሰራጨ፣ ጋራዥ ውስጥ ቱ ስትሮክ የምንለው ዓይነት ሞተር ነው። እሱን ለመመርመር የሚሰካ ነገር የለም። መለካት፣ ማየትና መስማት ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ የድሮ መመርመሪያ መሣሪያ እየለቃቀሙ አንድ ሙሉ ሳጥን ማደራጀት ከትዝታ ያለፈ ጥቅም አለው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የኮምፕሬሽን ጌጅ፣ የእሳት መሞከሪያ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ክፍተት የሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ መልቲሜትር፣ የፒስተንን እንቅስቃሴ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚያነብ ዳያል ጌጅ። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ የብረት ክምር ማገላበጥ የሚወድ ሰው ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሊያገኝ ይችላል፤ ሥራ ያቆመ መካኒክ ቤትም መጠየቅ አይከፋም። (በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ካቻቢቴና ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት የጣልያንኛ ናቸው። የመሣሪያ ሳጥናችን ግማሽ ቋንቋው ከዚያ ነው የመጣው።)

መሰብሰቡ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማንበቡ ነው፤ በተለይ ደጋ ላይ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላም ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ነው። የጥገና መመሪያው ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል የወጡ ናቸው።

ከኮምፕሬሽን ጌጁ እንጀምር። ሞተሩ ይሞቅና ካንዴላው ይወጣል፣ ጌጁ በቦታው ይታሰራል፣ የነዳጅ መስጫው እጀታ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ከዚያ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ድረስ መርገጫው ደጋግሞ ይረገጣል። መመሪያው ጤነኛ ሞተር 150 ፒ.ኤስ.አይ. ያሳያል፣ ከ120 በታች ከሆነ ግን ፒስተንና ሪንግ ይታይ ይላል እንበል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለካችሁና 111 ወጣ። እንዴ! ሞተሩ አልቋል ማለት ነው?

አይደለም። ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቀው በተወሰነ እጥፍ ነው። መነሻው ካነሰ መድረሻውም በዚያው ልክ ያንሳል። 150ን በ0.74 አባዙት፤ 111 ነው። ይህ ሞተር ፍጹም ጤነኛ ነው። ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው ግን ደህናውን ሲሊንደር አስወርዶ፣ ሪንግ አስቀይሮ፣ ባለቤቱን ላላስፈለገ ወጪ ይዳርጋል። ክፋቱ ደግሞ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ጌጁ ያንኑ 111 ያነባል። ሞተሩ የጤና ባለሙያ የሚጓዝበት ከሆነ፣ ጋራዥ የቆመባቸው ቀናት ዋጋ ከሪንጉ ዋጋ በላይ ነው።

ማባዛት ለማይወድ ሌላ ዘዴ አለ፦ እዚያው ከተማ ውስጥ ጤነኛ የሆነ አንድ ዓይነት ሞተር ፈልጎ በዚያው ጌጅ መለካትና ሁለቱን ማነጻጸር። ለእኔ ከመመሪያው ቁጥር ይልቅ ይሄኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ከፍታውን ካስተካከልን በኋላ እንኳ አንድ ወጥመድ ይቀራል፤ የጌጁ ጎማ ቱቦ። የድሮ ጌጅ ስትገዙ የቱቦውን ጫፍ፣ ካንዴላ ቀዳዳው ላይ የሚታሰረውን፣ አተኩራችሁ እዩት። አየር እንዳይመለስ የሚያግደው ትንሽ ቫልቭ እዚያ ጫፍ ላይ መሆን አለበት። ቫልቩ ከላይ ጌጁ አጠገብ ከሆነ፣ የቱቦው ውስጥ ባዶ ቦታ በሙሉ የሞተሩ አካል ይሆናል። መኪና ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። 100 ሲሲ ሞተር ላይ ግን እናስላው፦ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረው ቦታ 16 ሲሲ ነው ብንል፣ 116 ሲሲ ወደ 16 ይጨመቃል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 5 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ 6 ሲሲ ያህል ይጨምራል። አሁን 122 ሲሲ ወደ 22 ነው የሚጨመቀው፤ አምስት ተኩል እጥፍ። ያው ሞተር፣ ያው ከተማ፣ መርፌው ግን ዝቅ አለ። ለመኪና የተሠራ ጌጅ ትንሽ ሞተር ላይ የሚያሳስተው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

የእሳት መሞከሪያው ስህተት ደግሞ በተቃራኒው በኩል ነው። ኮምፕሬሽን ጌጁ ደህናውን በሽተኛ ሲያስመስል፣ ይሄኛው በሽተኛውን ደህና ያስመስላል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ በስስ አየር ውስጥ በቀላሉ ይዘላል። ሲሊንደሩ ውስጥ፣ በተጨመቀ አየር መካከል ለመዝለል ግን እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ካንዴላውን አውጥቶ በ0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተቱ ላይ ብልጭታ ማየት የሚነግረን ጥቂት ነው። መሞከሪያው ሰፊ ክፍተት ያለው ለዚህ ነው። ባሕር ወለል ላይ 6 ሚሊ ሜትር የሚበቃ ከሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ለተመሳሳይ ፈተና ወደ 8 ሚሊ ሜትር ማስፋት ያስፈልጋል። ስትሞክሩ ቤንዚን በአካባቢው አይኑር፤ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከዚያ የካንዴላው ቀለም አለ። ለእኔ ከሳጥኑ ውስጥ ትልቁ መሣሪያ እሱ ነው፤ ያውም በነፃ። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና፣ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል። ደጋ ላይ ጥቀርሻው ለምን ይበዛል? ካርቡራተር ቤንዚኑን የሚስበው በሚያልፈው አየር ነው፤ ነገር ግን አየሩ በቀነሰበት ልክ ቤንዚኑ አይቀንስም። የቤንዚኑ ፍሰት የሚከተለው የአየሩን እፍጋት ካሬ ሥር ነው። የ0.74 ካሬ ሥር 0.86 ገደማ ነው። አየሩ 26 በመቶ ሲቀንስ ቤንዚኑ 14 በመቶ ብቻ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ድብልቁ 16 በመቶ ያህል ቤንዚን በዛበት። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ጄት ጠበብ ባለች መቀየር ነው። የብልሽት ምልክቱ የታየው ካንዴላው ላይ ስለሆነ ብቻ ካንዴላ መግዛት አያድንም፤ አዲሱም ይጠቁራል።

ስሶቹ የብረት ቅጠሎች፣ መልቲሜትሩና ዳያል ጌጁ ከፍታ አይሰማቸውም። 0.7 ሚሊ ሜትር የትም 0.7 ነው። መመሪያው ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት፣ ለምሳሌ 1.8 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይነሳ ካለ፣ ጮቄ ተራራ ላይም እንዲሁ ይለካል።

እኔ የሳጥኑ ክዳን ውስጥ በማይለቅ ቀለም አራት ማባዣዎች ብጽፍ እመርጣለሁ፦ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ 0.88፣ ባሕር ዳር 0.80፣ ደብረ ማርቆስ 0.74፣ ጮቄ አናቱ ላይ 0.60። የመጀመሪያው ቁጥር ከሌሎቹ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከደጀን ቁልቁል ድልድዩ ድረስ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ለደጋ ተብሎ ጄቱ የጠበበ ሞተር እዚያ ታች ሲደርስ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ይሞቃል። በዚያ ላይ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ቱ ስትሮክ ከሆነ፣ ቁልቁለቱን ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ሲወርድ ፒስተኑ ዘይትም ያጣል። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ከፈት ማድረግ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርሱም ቆም ብሎ፣ ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ማየት። ነጭ ከሆነ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ከመጀመር በፊት ሰፋ ያለችዋን ጄት መመለስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጄቷ ሳጥኑ ውስጥ መኖር አለባት።