የማይሸተው መርዝ፦ ቀለም፣ ኩልና ሂና በሐረር ቤት

ሐረር ላይ ስለ ኬሚካል ጉዳት ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ በረኪና፣ ወደ ፍሊትና ጫት ላይ ወደሚረጨው መድኃኒት ነው። እነዚህ ይሸታሉ፣ ዓይን ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ ይፈራሉ። ግድግዳ ላይ የደረቀ ቀለም፣ ከድንጋይ የተፈጨ ኩል፣ ከቅጠል የመጣ ሂና ግን ማንንም አያሰጋም። አንዱ ሽታው ጠፍቷል፣ ሌሎቹ የአያት የቅድመ አያት ናቸው። ከዚህ ሁለት እምነት ይወለዳል፦ የማይሸት ነገር አይጎዳም፤ ከፋብሪካ ያልወጣ ነገርም ንጹህ ነው። ሁለቱም ቤተሰብን የሚጠብቁ መለኪያዎች አይደሉም። መጠየቅ ያለበት በውስጡ ምን አለ፣ ወደ ሰውነት የሚገባውስ በየት በኩል ነው የሚለው ነው።

በ2006 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ቀለም የቤት ክብር ነው። ሰርግ ወይም በዓል ሲቃረብ ቤት ይታደሳል፣ ግድግዳ ይቀባል። በጌይ ጋር፣ ማለትም በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ደረጃ በደረጃ የተሠሩት መደቦች ቀይ የሚሆኑት በጨለንቆ ጦርነት በ1887 (እ.ኤ.አ.) የወደቁትን ለማሰብ እንደሆነ ይነገራል። ያን ቀይ ማንም ይተው አልልም፤ የምጠይቀው የትኛው ቀይ እንደሆነ ነው። ቀይ አፈር መልኩን የሚያገኘው ከዛገ ብረት ነው። ከቆርቆሮ የሚወጣው የዘይት ቀለም ግን ድምቀቱን ከእርሳስ ክሮሜት ያገኘ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫው፣ ብርቱካንማውና አረንጓዴውም እንዲሁ። ቀለም የሚጎዳው እስኪደርቅ ብቻ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው፦ ሲቀባ ራስ የሚያዞረው የአኳራጅ ትነት ነው፤ መስኮት ተከፍቶ ሲቆይ አብዛኛው ይወጣል። እርሳስ ግን ብረት ነውና በዚያ መልኩ ተንኖ አይሄድም። ቀለሙ እስኪያረጅና እስኪላላጥ፣ ይልቁንም ለአዲስ ቅብ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ እስኪፋቅ ድረስ እዚያው ይቆያል። ያን ጊዜ ብናኙ ምንጣፍ ላይ ያርፋል፣ የሚድህ ሕፃን መዳፍ ላይ ይጣበቃል፣ ከመዳፉ ወደ አፉ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የትንሽ ልጅ ሰውነት ከዋጠው እርሳስ የሚያስቀረው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። አይጎዳም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም።

ደንብ ወጥቷልና ስጋቱ አብቅቷል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በ1 ኪሎ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ደንቡ የሚመለከተው ለገበያ የሚቀርበውን ቆርቆሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት በላይ በላዩ የተቀባውን ግድግዳ ገብቶ አይፍቅም። ቀለም ቀቢዎችና ጋራዥ ሠራተኞች መርዝ ያወጣል ብለው የሚያምኑበት ወተትም መድኃኒቱ አይደለም። ካልሲየምና ብረት በበቂ መጠን ያገኘ ልጅ ከሆዱ የሚመጠጠው እርሳስ ይቀንስለታል፤ በዚህ በኩል ጥሩ ምግብ ይረዳል። አንዴ አጥንት ውስጥ የገባውን ግን ወተት ጠርጎ አያወጣም። እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ እየተለቀቀ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ይኸው እርሳስ ነው።

በኩል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ መርዙ ራሱ ተፈጥሯዊ ነው። በብዙ አገር ገበያ የሚሸጠው ጥቁር ኩል ብዙ ጊዜ ጋሌና ከሚባለው ድንጋይ የተፈጨ ነው፤ ጋሌና ደግሞ የእርሳስና የድኝ ውሁድ ነው። ዓይን ያጠራል፣ ሕፃንን ከቡዳ ይጠብቃል እየተባለ ለአራስ ልጅ ሳይቀር ይኳላል። ልጁ ዓይኑን በእጁ ያሻል፣ እጁን ይጠባል፤ መንገዱ እንደ ግድግዳው ብናኝ ነው። የኩሉ እንጨት ከዓይን ወደ ዓይን ሲዞር ደግሞ የዓይን በሽታ አብሮ ይዞራል። «እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ተኩለው ምን ሆኑ?» የሚለው ጥያቄ በቅን ልብ የሚነሳ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። በአነስተኛ መጠን የሚገባ እርሳስ አልጋ ላይ አይጥልም፤ የልጅን ትኩረት፣ የመማር አቅምና ባሕርይ ነው የሚነካው። ልጁ እርሳስ ባይነካው ኖሮ ምን ያህል ይቀድም እንደነበር የሚያሳይ መንታ የለውም። ስለዚህ ምንም አልሆነም የሚለው ምስክርነት ጉዳቱ አልታየም ማለት እንጂ አልደረሰም ማለት አይደለም።

ሂና ግን እንደ ኩል አይደለም፤ ሳይገባው ባይወቀስ እወዳለሁ። ንጹህ የሂና ቅጠል ለአብዛኛው ሰው አይጎዳም። ሰዓታት ይፈጃል፣ ብርቱካንማ ሆኖ ይጀምርና ወደ ቡናማ ቀይ ይጠቁራል። በደቂቃዎች ውስጥ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ገብቶበታል። ሙሽራዋ በሠርጓ ዕለት ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ማሳከኩና ውሃ መቋጠሩ ከቀናት በኋላ በጥለቱ ቅርጽ ይወጣል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ቁጣው ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ ይችላል፤ በኋላ ዘመን ፀጉሯን ስትቀባ ፊቷ የሚያብጠው ለዚህ ነው።

መግቢያው ላይ ስለተነሳው የጫት መድኃኒትም አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ጫት ላይ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ቅሪት በምርምር ተገኝቷል። ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉን ማለቅለቅ አቧራውን እንጂ እሱን በደንብ አያወርድም። ዲዲቲ በስብ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ጡት ወተት ያልፋል። በዚህ ደንግጦ ጡት ማስጣል ግን የባሰ ስሕተት ነው፤ የጡት ወተት ጥቅም ከዚያ ስጋት ይበልጣል፤ መተው ያለበት ጫቱ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የአቅም ነው። የሐረማያ ሐይቅ በደረቀ ጊዜ ሐረር ውሃ እንዴት እንደናፈቀች የሚያውቅ ሰው ቤት በየቀኑ ይታጠብ ብሎ አይመክርም። አያስፈልግምም። ብናኝ በደረቁ ሲጠረግ ይነሳል፣ በረጠበ ጨርቅ ሲወለወል ይያዛል፤ ለዚህ አንድ ሳፋ ውሃ ይበቃል፣ ከመብላት በፊት የልጅ እጅ ለማስታጠብም አንድ ጣሳ። ኩል መተው ገንዘብ አይጠይቅም። ለግድግዳ ኖራ ወይም የውሃ ቀለም ከዘይቱ ይሻላል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። የግድ መፋቅ ካለበት ግድግዳው ርሶ ይፋቅ፤ ነፍሰ ጡርና ልጆች ተጠርጎ እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ይዋሉ። ያልተላላጠ አሮጌ ቀለም ግን ባይፋቅ ይሻላል፤ አዲሱ በላዩ ላይ ሲቀባ አሮጌውን ይሸፍነዋል።